ጸጉር እስኪደርቅ

እትዬ! ይግቡ፣ ይግቡ! በሩን ጫን ብለው ይግፉት፣ ከሥር ይይዛል። እዚያች ሶፋ ላይ አረፍ ይበሉ፤ ፎጣዎቹን ወዲያ ያድርጓቸው፣ ንጹሕ ናቸው። እንዴት አደሩ? ባለቤትዎ ሻምበልስ? ጉልበታቸው እንዴት ሆነላቸው? … እሰይ፣ እሰይ። እኔን ደግሞ ዛሬ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሳቅ ሳቅ ይለኛል። ወለሉን ስጠርግ ሳቅኩ። ሻምፑውን ስቀዳ ሳቅኩ። እማዬማ ሰማያዊ ኮቷን እየቆለፈች፣ "አንቺ ልጅ፣ የምሄደው ፍርድ ቤት ነው፣ ሰርግ አስመሰልሽው እኮ!" አለችኝ። አዎ፣ ዛሬ ቀጠሯችን ነው። ወንድሜ ይዟት ሄዷል። እኔ እንኳ ሳሎኑን እየዘጋሁ መዋሉ ሰልችቶኝ ቀረሁ።

እርስዎን ወዲያው በጀመርኩልዎ ነበር፤ ግን እኚህ እመቤት ቀደሙ። አስተዋውቃችሁ ነበር፣ ስማቸውን አልጠየቅኋቸውም እንጂ። ለቤቴ አዲስ ናቸው። የሁልጊዜ ሠሪያቸው ዘግታ ጠበቀቻቸውና በዚህ ሲያልፉ የእኔን በር ክፍት አይተው ገቡ። ዕድል ማለት ይኸው አይደል? ቀለም ቀባን፣ አጠብን፣ ጸጉራቸውን በቢጎዲን ጠቀለልን፣ አሁን እንደሚያዩዋቸው ማድረቂያው ካስክ ሥር ተቀምጠዋል። ከሰዓት በኋላ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ቆመው ንግግር ያደርጋሉ። ርዕሱ ምን ነበር ያሉኝ እመቤቴ? … "ፍትሕ ሳይዘገይ!" ሰሙልኝ እትዬ? "ፍትሕ ሳይዘገይ"! እኔማ ስሰማው እጄ ላይ ያለው ማበጠሪያ ሊወድቅ ነበር፣ ከደስታ ብዛት።

እኛ ስናወራ አይሰሙንም፣ ካስኩ ይጮኻል። እንዲያውም ቆይ፣ ትንሽ ልቀንስላቸው … እንዲህ። ጆሯቸው እንዳይቃጠል ብዬ ነው። ድምፁም አብሮ ቀነሰ አይደል? እሱስ ይሁን፣ ምን የሚደበቅ ነገር እናወራለንና።

ምን እያልኩዎ ነበር? አዎ፣ የእማዬ ቤት። እርስዎ ያውቁታል፤ እኔን ያዋለዱኝ እዚያው ቤት፣ በመስኮቱ በኩል ባለው ክፍል አይደል? አባዬ ካረፈ በኋላ እማዬ እኔን ልታስታምም እዚህ መጥታ ከረመች። ስትመለስ ቁልፉ ተቀይሯል። አጎቴ፣ የአባዬ ታናሽ ወንድም፣ ፒጃማ ለብሶ በሩን ከፈተላት። "ምነው በደህና?" አላት፣ በገዛ ቤቷ ደጅ ላይ! እንግዲህ ከዚያ ወዲህ እማዬ ከእኔ ጋር ከዚህ መጋረጃ ኋላ ነው የምትተኛው። ሻምፑና ቀለም ስትተነፍስ ታድራለች፣ ነፍሴ! አንድ ነገር ብቻ ነው የምትለኝ፦ "በገዛ አልጋዬ ላይ ልተኛና መስኮቴን ከፍቼ ልንቃ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።" ይህ ብዙ ነው እትዬ? ለአንዲት አሮጊት ይህ ይበዛባታል?

ግን አይዘኑ፣ ዛሬ የማዝንበት ቀን አይደለም። የአጎቴን ጠበቃ ላወድስልዎ ነው የጀመርኩት። ስማቸውን አልጠራም፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ በየፀጉር ቤቱ ስማቸው ሊነሳ አይገባም። ሴት ናቸው፤ ጎበዝ ሴት! እኔ ሌሎች ጠበቆች ሲጮኹ፣ ጠረጴዛ ሲደበድቡ፣ ላብ ሲያጠምቃቸው አያለሁ። እሳቸው? ወይ ፍንክች! ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰምቼ አላውቅም። ብድግ ይሉና ወተት በመሰለ አንደበት "ክቡር ፍርድ ቤት፣ ትንሽ ጊዜ ይሰጠን" ይላሉ። በቃ፣ ይህቺው ናት። ትንሽ ጊዜ። ማን ነው ትንሽ ጊዜ የሚከለክለው? እኔስ ብሆን እከለክላለሁ?

መጀመሪያ ጉንፋን ያዛቸው። ከዚያ ድምፃቸው ጠፋ፤ እንግዲህ ጠበቃ ድምፁ ሲጠፋ ምን ይደረጋል፣ በምልክት ይከራከር? ከዚያ ምስክራቸው መንገድ ላይ ነው ተባለ። ያ ሰውዬ እስካሁን መንገድ ላይ ነው! እኔ አንዳንዴ ስለሱ አስባለሁ እትዬ፣ ጫማው አልቆ ይሆን? ውሃ የሚሰጠው አግኝቶ ይሆን? ከዚያ ደግሞ ዳኛው ይቀየሩልን አሉ። ተቀየሩ። አዲሱ ዳኛ ሲመጡ፣ "ክቡርነትዎ አዲስ ስለሆኑ ነገሩን በደንብ እንዲያጠኑት ጊዜ ይውሰዱ" ብለው አዘኑላቸው። ለዳኛው እንኳ ያዝናሉ እኮ! እንዲህ ያለ አንጀት የት ይገኛል?

እርስዎ ይሄን ሁሉ ዘመን ስንቱን ሲያዋልዱ ኖረዋል፤ እስቲ ይንገሩኝ፣ ምጥ ተለዋጭ ቀጠሮ ይሰጣል? "ዛሬ አልተመቸኝም፣ ልጁ በሚቀጥለው ወር ይወለድ" ያለችዎ ወላድ ገጥማዎት ታውቃለች? እኚህ ጠበቃ አዋላጅ ቢሆኑ ኖሮ፣ እኔ ይሄኔ ገና አልተወለድኩም ነበር። ሆድ ውስጥ ሆኜ ጥርስ አብቅዬ፣ ጸጉሬን ራሴ ተኩሼ …

ሳቁ! ይሳቁ እንጂ፣ ምን ይደብቃሉ። እመቤቴ፣ እርስዎስ ተመቸዎት? ሞቀዎት እንዴ? ፊትዎ ቀላ አለብኝ። ካስኩ ነው፣ ምንም ማድረግ አይቻልም። ቆይ እስቲ አንዱን ቢጎዲን ልየው … ኧረ ገና ነው፣ እርጥብ ነው! አሁን ብፈታው የለፋንበት ሁሉ ፍርስርሱ ይወጣል። ነገሩ ተጨማሪ ጊዜ የሚጠይቅ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ይቀመጡልኝ፣ የኔ እመቤት፤ ንግግሩ ከሰዓት በኋላ አይደል፣ ምን አስቸኮለን?

ታዲያ ይህን ጥበብ እሳቸው ብቻ ያወቁት እንዳይመስልዎ። ሻምበል አጫውተውኝ የለ? በወጣትነታቸው አንዲት ትንሽ ከተማ ከበው ሲሰለቻቸው፣ አዛዡን "እንተኩስ?" ቢሏቸው ምን አሉ? ወንበር አስመጥተው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ "ለምን እንተኩሳለን? ጉድጓዳቸው ይደርቃል" አሏቸው። አየሩ ደህና ነው፣ ሻይ አለ፣ ማን ይሞታል … የሞቱት እዚያ ውስጥ ያሉት ናቸው እንጂ እሳቸው ምን ሆኑ? ሻምበል ይህን ሲያወሩ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ውሃ አምጡልኝ ይላሉ፣ አስተውለዋል? ትናንት ሬዲዮ ላይ ደግሞ እነዚያ ለሰላም የተቀመጡት ሰዎች ስብሰባቸውን ምን ብለው እንደሚጠሩት ሊመክሩ ሌላ ስብሰባ ጠሩ። ተኩሱ ግን ስም አላስፈለገውም፣ ይቀጥላል። የምክር ቤቱም ሰዎች ይኸው ደጄ ላይ ያለውን የመንገድ ጉድጓድ እያጠኑት ነው። ሲጠና ሲጠና ጉድጓዱ ራሱ ሊመረቅ ምንም አልቀረው! ሁሉም ደህና ልብስ የለበሱ፣ ሁሉም ቀስ የሚሉ ሰዎች ናቸው። ቀስ ማለት እኮ ለሚቀመጥ ሰው ነው የሚመቸው። ቆሞ ለሚጠብቅስ?

እኔ ግን ከሁሉም እኚህን ጠበቃ ነው የምወዳቸው። ለምን ይበሉኝ? ቅርበት አለና! ስንት ጊዜ ከኋላቸው ተቀምጫለሁ መሰለዎት። እሳቸው ፊት ለፊት፣ እኛ ከኋላ። አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን እንኳ፣ ዞር ብለው አላዩንም። ትልቅ ሰው ምን ዞር ያሰኘዋል? እኔ ታዲያ ሥራዬ ጸጉር ነው፣ ክርክሩ አይገባኝም፣ ቁጭ ብዬ ጸጉራቸውን ሳጠና እውል ነበር። ፊታቸውን ከማውቀው ማጅራታቸውን አብልጬ አውቀዋለሁ ብልዎ ያምኑኛል? በግራ በኩል ከጆሮ ኋላ ሽክርክሪት ቢጤ አለቻቸው፣ ጸጉሩን ወደ ላይ የምታስነሳ። ሠሪያቸው አልገባትም፣ በግድ ታስተኛታለች። እኔ ብሆን ተከትያት ነው የምሠራት እል ነበር በልቤ። እንግዲህ ሰው የተመኘውን አንድ ቀን ያገኛል … አይደል እመቤቴ? ለእርስዎም እንደዚያው አደረግኩልዎ እኮ፣ ከጆሮዎ ኋላ ያለችውን።

እና ምን ልልዎ ነው … የእማዬን ክስ በዓመት አልቆጥረውም፣ በሳቸው ጸጉር ነው የምቆጥረው። ስንጀምር ጸጉራቸው ከጆሯቸው በላይ ነበር፣ እማዬም ያንን የፍርድ ቤት ደረጃ እኔን ቀድማ ነበር የምትወጣው። ጸጉሩ አንገታቸው ጋ ሲደርስ እማዬ መሐል ላይ ቆም ብላ ትንፋሽ መውሰድ ጀመረች። ትከሻቸው ላይ ሲያርፍ ምርኩዝ ያዘች። ከዚያ ተቆረጡት! እኔም እሰይ፣ አዲስ ነገር ሊመጣ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ምን ይመጣል፣ እንደገና አደገ። የእማዬ ኮት ግን እንደገና አልሞላም እትዬ። ቁልፎቹን ሁለቴ አስጠጋሁላት። ዛሬ ጠዋት እንኳ ትከሻው ወዲያ ወዲህ ሲልባት አየሁና ዞር ብዬ ሳቅኩ። ምን ላድርግ፣ ካልሳቅኩ እኮ …

ተዉኝ ይውጣልኝ፣ አንዷን ብቻ ልንገርዎ፣ ለእማዬ አልነገርኳትም። አንድ ቀን ኮሪደሩ ላይ ከዓምድ ኋላ ቆሜ እማዬን ከመጸዳጃ እስክትመለስ እጠብቃለሁ። አጎቴና ጠበቃው ማዶ ቆመዋል። አጎቴ፣ "ኧረ ይሄ ነገር መቼ ነው የሚያልቀው?" አላቸው። እሳቸው ጓንታቸውን እያጠለቁ ሳቅ አሉ፤ ደስ የሚል ሳቅ ነው ያላቸው፣ መካድ አይገባም። "ምን አስቸኮለዎት? ከሳሿ ደረጃውን ሲወጡ አላዩዋቸውም እንዴ? ያንን ያየ ሰው አይቸኩልም" አሉት።

… አዎ እትዬ። እንዲሁ ብለው ነው ያሉት። ቤቴ ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ፣ እማዬ እንዳትሰማኝ። ዛሬ ሳስታውሰው ግን አድናቆት ብቻ ነው የቀረኝ። አርቆ ማየት እንዲህ ነው! እኛ የሰው ጸጉር እናያለን፣ እሳቸው የሰው ጉልበት ያያሉ።

እማዬማ ምኑን አውቃ! እሳቸው በታመሙ ቁጥር እሷ ነች የምትታመም። "ምስኪን፣ የሚያስታምማት ሰው አላት ይሆን?" ትላለች። በቀጠሮው ማግስት ብርቱካን ገዝታ ቢሯቸው ድረስ ትወስዳለች እኮ! የምሬን ነው። ለጸሐፊያቸው ትሰጥና ስሟን ሳትናገር ትመለሳለች። "ተቃራኒዬ ናት እንጂ ጠላቴ አይደለችም" ትለኛለች። እኔ ስቆጣ እኔን ትቆጣኛለች። በልተውት ይሆናል ብርቱካኑን፤ መቼም ማን እንደላከው ይጠይቃሉ ብዬ አላስብም፣ ጊዜ የላቸውም …

ይቅርታ እትዬ፣ ስልኬ። ወንድሜ ነው። … አቤት! … እህ … ማን ታመመ? … ውይ! ውይ ምስኪን! … ከአልጋ መነሳት አልቻሉም? እግራቸውን ነው ወይስ … ሁሉ ነገራቸውን! … ጸሐፊያቸው ናት የመጣችው? አለቀሰች? … እሺ … ዳኛውስ ምን አሉ? … አይሉም! … ቆይ ቆይ፣ ድገምልኝ፣ እትዬ ከኔ ጋር ናቸው። … "ቤታቸው ሩቅ ካልሆነ ሰው ሄዶ ይጠይቃቸው።" እሺ። "እውነት ተኝተው ከሆነ ቀጠሮ እሰጣለሁ፤ ካልሆነ ግን ከእረፍት ስመለስ ውሳኔዬን አነባለሁ።" እንዲህ አሉ? ተባረኩ በለኛ! … ችሎት አስከባሪው ነው የሚሄደው? ከአንተ ጋር? … እማዬም! ብርቱካን ልግዛ አለች? … ሂሂሂ … አልስቅም፣ አልስቅም፣ ትን ብሎኝ ነው። ስማኝ፣ ወንድሜ፣ ቤታቸው ድረስ ምን አለፋችሁ? መንገዳችሁ አይደል፣ በእኔ በኩል እለፉ። … ኧረ ዝም ብለህ በእኔ በኩል እለፍ! ፎጣ ትወስዱላቸዋላችሁ። ንጹሕ ፎጣ ለታማሚ ጥሩ ነው።

ሰሙ አይደል እትዬ? እኚያ ጠበቃ የአልጋ ቁራኛ ሆነው ቀሩ። ጤና የለም ዘንድሮ! ትናንት ደህና የነበረ ሰው ዛሬ … እመቤቴ! ምነው ተነሡ? በቢጎዲን? ኧረ በሞቴ፣ ይቀመጡ! ውጪ ነፋስ አለ፣ ጸጉርዎ እርጥብ ነው፣ ብርድ ቢመታዎትስ? ሰው በዚህ ቀን እንዴት እየታመመ እንደሆነ ይሰሙ የለም? እንዲያ ወጥተውስ መንገደኛው ምን ይላል፣ ራስዎ ላይ ያ ሁሉ ቱቦ ተጠቅልሎ። ከሰዓት በኋላ አዳራሽ የሚሰማዎት ሰው አሁን በዚህ መልክ ይየዎት? ካፖርትዎን ደግሞ ከእርጥቡ ፎጣ አርቄ ውስጥ ሰቅዬዋለሁ፣ ትንሽ ልፈልገው ነው። አዎ … ትንሽ ጊዜ ይሰጠኝ። እንደሱ፣ እንደሱ፣ ይቀመጡልኝ። ጎበዝ።

እንግዲህ እትዬ፣ እኔ ክፉ ሴት እንዳልሆንኩ ያውቃሉ። በእኔ ቤት ማንም ሰው ግማሹ ተሠርቶ አይወጣም፣ ነውር ነው። ነገሩ ሁሉ በሥርዓቱ መሆን አለበት። መጀመሪያ ጸጉሩ ይድረቅ። ደርቋል አልደረቀም የሚለውን ደግሞ እኔ ብቻዬን አልወስንም፣ እርስዎም እጅዎን ሰደድ አድርገው ይዩልኝ። ከዚያ ቢጎዲኑ ይቀዝቅዝ። ቢጎዲኑ ሳይቀዝቅዝ ቢፈታ መቃወሚያ ይነሳል! … ሂሂሂ። ይቅር ይበለኝ፣ ዛሬ አፌን ማን እንደሚይዘው እንጃ። ከረሜላ የሰረቀች ልጅ ነው የሆንኩት። ግን አንድ ነገር ላረጋግጥልዎ፣ ምንም አልሰረቅኩም። በራቸውን ከፍተው የገቡት በገዛ እግራቸው ነው … ማለቴ የእኔ ደንበኞች፣ በጠቅላላው። ማንንም ጎትቼ አላውቅም። "ደንበኛ ይምጣልኝ" ብዬ ከመጸለይ በቀር ምን አድርጌ አውቃለሁ?

እማዬ ግን ትገርመኛለች። ይሄ ሁሉ ሆኖ፣ ዳኛው ውሳኔ ላነብ ነው ብለው፣ ከቤቷና ከአልጋዋ ለመድረስ አንዲት ስንዝር ቀርቷት፣ እሷ ስለ ብርቱካን ታስባለች! "የተኛ ሰው ባዶ እጅ አይጠየቅም" ብላ ወንድሜን ስታዘገየው ይታየኛል። አንድ በአንድ ነው የምትመርጠው፣ እየጨመቀች፣ እያሸተተች። ነጋዴው ይናደዳል፣ እሷ አትሰማውም። ዛሬ ብቻ እማዬ ብታዘገይ ምን አለበት? ለአንድ ቀን የእሷ ተራ ይሁን።

ይኸውልዎ! በመስታወቱ ውስጥ ይዩ እትዬ፣ አይዙሩ፣ በመስታወቱ! መንገድ ተሻገሩ። ያ ኮፍያውን በእጁ የያዘው ችሎት አስከባሪው ነው። የታመመ ሊጠይቅ ነው፣ አክብሮት ነው እንግዲህ። ወንድሜ ከረጢቱን ይዟል። እማዬ … ይዩዋት እስቲ፣ ኮቷ ውስጥ ጠፍታ! ደረጃዬን እየወጣች ነው፣ ሦስት ደረጃ ብቻ ነው ያለችኝ፣ እሷም ቆም ብላ ትንፋሽ ወሰደች። ቀስ እማዬ! በሩን ጫን በይው፣ ከሥር ይይዛል! … ወንድሜ፣ ጎሽ፣ ደግፋት። አቶ ችሎት አስከባሪ፣ ይግቡ፣ ጫማዎን ጠረጉም አልጠረጉም ይግቡ፣ ዛሬ ስለ ወለሉ ግድ የለኝም። እማዬ፣ ነይ በዚህ በኩል። አይ፣ ቤታቸው መሄድ ቀርቷል፣ ዕድለኛ ነሽ፣ እግርሽን አሳረፉልሽ። የምትፈልጊያቸው ሰው እዚሁ ናቸው።

ካስኩን ላንሳልዎት የኔ እመቤት። ደረቀ፣ ደረቀ፣ አሁንስ በደንብ ደርቋል። ምነው ፊትዎን ወደ ግድግዳው አዞሩት? እኛማ ከኋላዎም እናውቅዎታለን። ጠያቂ መጥቶልዎታል እኮ! እማዬ፣ ስጫቸው፣ አትፈሪ፣ ብርቱካኑን በእጃቸው ስጫቸው። … ይቀበሏት እንጂ እመቤቴ፣ አንድ በአንድ ነው የመረጠችልዎ። ስታለቅሺ አትታዪ እማዬ፣ አሁን ተነስተው ቁጭ ብለዋል፣ ታያለሽ፣ ቀለማቸውም ጥሩ ነው። አቶ ችሎት አስከባሪ፣ እርስዎም በደንብ ይዩልኝና ለዳኛው ሰላምታዬን ያድርሱ፤ ታማሚዋ ከአልጋቸው ተነስተዋል፣ ጸጉራቸውም ያምራል ይበሉልኝ።

እግዜር ይማርዎት የኔ እመቤት። እግዜር ፈጽሞ ይማርዎት! ዕድሜ ይስጥዎት፣ ረጅም ዕድሜ፤ እንደ እማዬ ደረጃውን አንድ በአንድ እየቆሙ የሚወጡበትን ዕድሜ … ያን ጊዜም ከታች ቆሞ የሚያይዎት፣ ምንም የማይቸኩል ሰው አይጡ።